ጥፋቱ የታማሚዎቹ አይደለም፦ ስለ ካናዳ ነባር ሕዝቦችና ኤችአይቪ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ካናዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከስልክ ወደ ስልክ የምንቀባበለው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ በካናዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ያለው የኤችአይቪ ስርጭት ነው። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ነባሮቹ በቫይረሱ የሚያዙት በአኗኗራቸው ምክንያት ነው። ሕክምናው በነፃ ቀርቦላቸው እምቢ ያሉ ናቸው። በተፈጥሯቸውም ደማቸው ለቫይረሱ የተመቸ ነው። መርፌ ማደሉ ሱሱን አባባሰው። ሽማግሌዎቻቸውና ባህላዊ ሕክምናቸው ደግሞ እንቅፋት ሆኑ። በመጨረሻም ልጆቻችንን ከእነሱ እናርቅ ብሎ ይመክራል።

ጸሐፊውን ወንድሜን አላውቀውም። ክፉ አስቦ ጻፈው ብዬም አልጠረጥርም። ጽሑፉ ግን ሰው ይጎዳል። ብዙ ሰው አምኖት እያስተላለፈው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የማንጣላበትን ልናገር። የስርጭቱ ቁጥር እውነት ነው። ነባር ሕዝቦች ማለት ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ ናቸው። በ2021 ቆጠራ ከካናዳ ሕዝብ 5 በመቶ ነበሩ። በ2020 ግምት ግን በአገሪቱ አዲስ በቫይረሱ ከተያዙት 18 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ሳስካችዋን በሚባለው የምዕራብ ካናዳ ፕሮቪንስ (ክፍለ ግዛት) ውስጥ ነገሩ ይብሳል። እዚያ የአዲስ ተያዦች መጠን በ2016 ከአገሪቱ አማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር፤ ከአዲሶቹ ተያዦችም ከአራቱ ሦስቱ ነባር ነበሩ። በዚያው ዓመት ወደ 30 የሚጠጉ የፕሮቪንሱ ሐኪሞች የጤና አስቸኳይ ጊዜ ይታወጅ ብለው በይፋ ጠየቁ። አልታወጀም።

እንግዲህ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ ሆነ?

ጸሐፊው አኗኗራቸው ነው ይላል። እኛ አገር ኤችአይቪ በአብዛኛው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ብዙ አንባቢ "አኗኗር" ሲባል ልቅነት ማለት ይመስለዋል። ሳስካችዋን ውስጥ ግን ዋናው መተላለፊያ በመርፌ የሚወሰድ ዕፅ ነው። ይህን ጸሐፊውም ጠቅሶታል፤ ልክ ነው። ያልጠየቀው ሰው ለምን መርፌ እንደሚያነሳ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ የካናዳ መንግሥት የነባሮቹን ልጆች ከወላጆቻቸው እየወሰደ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባ ነበር። ከ150 ሺህ በላይ ልጆች አልፈውበታል። አብዛኞቹን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ልጆቹ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ብዙዎቹ ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል። እዚያው ሞተው የተቀበሩም ብዙ ናቸው። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ ይህን ሁሉ ሰንዶ በ2015 ለሕዝብ አቅርቧል። የሩቅ ዘመን ታሪክ አድርገን እንዳናየው፣ ሳስካችዋን ውስጥ የነበረው የጎርደን አዳሪ ትምህርት ቤት የተዘጋው በ1996 ነው። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 40 ዓመት ገደማ ነው። ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። ወይም መንገድ ላይ ወድቆ እናየዋለን።

ይህ ከቫይረሱ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ ሲዳር ፕሮጀክት የሚባለውን ጥናት ይመልከት። በ2003 የተጀመረ ነው። በቫንኩቨርና በፕሪንስ ጆርጅ ከተሞች ዕፅ የሚጠቀሙ ነባር ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከወጣቶቹ ግማሽ ያህሉ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹም ገና በሕፃንነታቸው። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል በቫይረሱ የተያዙት ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ። ወላጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ያለፉ ልጆች ደግሞ ለጥቃቱ ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። ስለዚህ መርፌው ከሰማይ አልወረደም። ሕመሙ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ መርፌ ላይ ደረሰ።

ልጆችን መውሰዱም አልቀረም፤ መልኩን ነው የቀየረው። በ2021 ቆጠራ፣ ካናዳ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ነባሮቹ 8 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በፎስተር ቤት፣ ማለትም ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ ሰው ቤት፣ ከሚያድጉት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። በፌዴራል እስር ቤቶችም ከእስረኛው ሲሶ ያህሉ ነባር ነው። እስር ቤት ደግሞ ሱስ ያለበት ሰው ንጹሕ መርፌ በቀላሉ የማያገኝበት ቦታ ነው።

ባህላቸው ነው ለሚለው አንድ ጥያቄ አለኝ። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ የኤችአይቪ ስርጭት 0.9 በመቶ ነበር። የአዲስ አበባ 3.4 በመቶ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! የአዲስ አበባ ልጅ ባህሉ ነው ያሳመመው ብሎ የጻፈ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሁላችንም ምክንያቱን በከተማነቱ፣ በሰው ፍልሰት፣ በድህነት ነው የምንፈልገው። ለራሳችን የምንሰጠውን ማስተዋል ለሌላው ስንነፍግ ነው ችግሩ።

ነባርነት ራሱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አውስትራሊያም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ባየን ነበር። አላየንም። የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች በቅኝ ግዛት የደረሰባቸው ግፍ ከካናዳዎቹ አያንስም። ሆኖም በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የአዲስ ተያዦቻቸው መጠን ከሌላው አውስትራሊያዊ ጋር ተቀራራቢ ነበር። አንዱ ምክንያት ቀድመው መንቃታቸው ነው። ከ1971 ጀምሮ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የጤና ድርጅቶች ነበሯቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ ማንንም ሳይጠብቁ ተነሡ። በ1987 በታውንስቪል የጤና ሠራተኞች "ኮንዶማን" የሚባል አቦርጂናል ጀግና በፖስተር ስለው ኮንዶምን የሰፈር ወሬ አደረጉት። በኋላ፣ ከ2012 ገደማ ጀምሮ፣ ልዩነቱ መስፋት ሲጀምር ሰው የጠየቀው ምርመራውና መድኃኒቱ ለማን ሳይደርስ ቀረ ብሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሕክምናው ነፃ ነው፣ መንግሥት ሁሉን ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ናቸው የማይመጡት። ይህን አባባል ከራሳችን ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ውሸት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም።

የፌዴራሉ የመድኃኒት ሽፋን የሚመለከተው በሕግ የተመዘገቡ ፈርስት ኔሽንስንና ኢኑይትን ነው። ሜቲሶች የሉበትም። ያልተመዘገቡትም የሉበትም። ሳስካችዋን የኤችአይቪ መድኃኒትን ለነዋሪዎቿ ሁሉ ሙሉ በሙሉ መሸፈን የጀመረችው በ2018 ነው። ሐኪሞቹ አስቸኳይ ጊዜ ይታወጅ ካሉ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ክኒኑ ነፃ ቢሆንስ? ክኒኑ ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ሰሜን ሳስካችዋን ወይም ሰሜን ማኒቶባ ያለ ሪዘርቭ (ለፈርስት ኔሽንስ የተከለለ መሬት) ውስጥ የምትኖር እናት፣ የኤችአይቪ ስፔሻሊስት ለማየት ሳስካቱን ወይም ዊኒፔግ መውረድ አለባት። ሰዓታት የሚፈጅ መንገድ ነው። አንዳንዱ መንደር በመኪና የሚደረሰው ሐይቁ በረዶ ሲሆን ብቻ ነው። ልጆቿን ማን ይጠብቅላት? መንደሯ ውስጥ ልመርመር ብትል ደግሞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለችው ጸሐፊ ዘመዷ ልትሆን ትችላለች። ትንሽ ከተማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ፍርሃት ማስረዳት አያስፈልገውም።

የመንግሥት ነገርም አለ። የፈርስት ኔሽንስን ጤና የፌዴራሉ መንግሥት ይይዛል፤ ሆስፒታሉን ፕሮቪንሱ ይይዛል። ወጪውን የሚከፍለው ማነው በሚል ሲካሰሱ ታማሚው መሃል ይቀራል። ጆርዳን ሪቨር አንደርሰን የተባለው ሕፃን ማኒቶባ ውስጥ ካለ የክሪ ማኅበረሰብ ነበር፤ ክሪ ከፈርስት ኔሽንስ ሕዝቦች አንዱ ነው። ከባድ ሕመም ይዞ ተወለደ። ሐኪሞች ቤቱ መሄድ ይችላል ካሉ በኋላም ሁለቱ መንግሥታት የቤት ውስጥ እንክብካቤውን ወጪ ማን ይክፈል ብለው ከሁለት ዓመት በላይ ተከራከሩ። ልጁ በ2005 በ5 ዓመቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አንድ ቀን እንኳ በወላጆቹ ቤት አላደረም። ዛሬ በስሙ የሚጠራ መርህ አለ፤ መጀመሪያ ልጁ ይታከም፣ ሒሳቡ በኋላ ይሁን የሚል። ይህ ኤችአይቪ አይደለም። ግን "መንግሥት ሁሉን ይሰጣቸዋል" የሚባለው አሰጣጥ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ሆስፒታል ውስጥስ? በ2008 ብራያን ሲንክሌር የሚባል ነባር ሰው በዊኒፔግ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ገባ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ወረፋ ሲጠብቅ 34 ሰዓት አለፈ። እዚያው ሞተ። ሕመሙ ሊታከም የሚችል የፊኛ ኢንፌክሽን ነበር። አንዳንድ ሠራተኞች የሰከረ ወይም ማደሪያ ፈልጎ የመጣ መስሏቸው እንደነበር በኋላ በምርመራው ተሰማ። በ2020 ደግሞ ኩቤክ ውስጥ ጆይስ ኤቻኳን የተባለች እናት የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ሠራተኞቹ ሲሰድቧት በስልኳ ቀዳች። በዚያው ቀን ሞተች። ጉዳዩን የመረመረችው ባለሥልጣን ዘረኝነቱ ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ደምድማለች። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚሰማ ሰው "ና ተመርመር" ሲባል ቢያመነታ ስንፍና ነው እንዴ?

ሦስተኛው ነጥብ ደማቸው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አንድ እውነተኛ ጥናት ይዞ የተሳሳተ ትርጉም ሰጥቶታል።

በሳስካችዋን ሐኪሞች ለዓመታት የሚገርም ነገር ያዩ ነበር። አንዳንድ ታካሚዎች በቫይረሱ ከተያዙ ብዙም ሳይቆዩ በጠና ይታመማሉ። የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዘረመል መረመሩ። ውጤቱ በ2018 ታተመ። በፕሮቪንሱ የሚሰራጨው ቫይረስ የሰውነትን መከላከያ የሚያመልጥበት ለውጥ በብዛት ይዞ ተገኘ። በተለይ ቢ51 የሚባለውን፣ ሰው በዘር የሚወርሰውን የመከላከያ ዓይነት ማምለጥ ተምሯል። ያ ዓይነት ደግሞ በአካባቢው ነባር ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው።

ጸሐፊው ከዚህ የወሰደው "ደማቸው ደካማ ነው" የሚል ነው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቢ51 በመሠረቱ ከቫይረሱ ይከላከል የነበረ ነው። የተቀየረው ቫይረሱ ነው። ቫይረስ እንዲህ የሚለወጠው ደግሞ ሕክምና ካላገኘ ሰው ወደ ሌላ ሕክምና ያላገኘ ሰው እየተላለፈ ለዓመታት ሲመላለስ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውስጥ ቫይረሱ ስለማይራባ ለመለወጥም ዕድል የለውም። ስለዚህ ጥናቱ የሚመሰክረው መድኃኒቱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሰ ነው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያልጠቀሰው ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ይህ ቫይረስ ለመድኃኒት እንደማንኛውም ኤችአይቪ ይሸነፋል። ለውጡ የሰውነትን መከላከያ የሚያመልጥበት እንጂ መድኃኒቱን የሚቋቋምበት አይደለም። ተመራማሪዎቹም ቶሎ መመርመርና ቶሎ መጀመር ይበልጥ ያስፈልጋል ነው ያሉት። "ተፈጥሯቸው ነው" ብለን ከጻፍን ግን አንባቢው የሚረዳው ምንም ማድረግ አይቻልም ብሎ ነው።

መርፌ ማደልን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው ቫንኩቨርን ይጠቅሳል። እዚያ መርፌ መለዋወጥ ከተጀመረ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤችአይቪ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያኔ ሰው የሚወጋው በብዛት ኮኬይን ነበር። ኮኬይን የሚወጋ ሰው በቀን ደጋግሞ፣ አንዳንዴም ከአሥር ጊዜ በላይ ይወጋል። አንድ አሮጌ መርፌ አምጥተህ አንድ አዲስ ውሰድ የሚለው አሠራር አይበቃውም። ሲጎድል ከጓደኛው ይዋሳል። መፍትሔው መርፌውን መጨመር ሆነ። በ2003 በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው በሕግ የተፈቀደ፣ ክትትል የሚደረግበት የመወጊያ ማዕከል፣ ኢንሳይት፣ እዚያው ቫንኩቨር ተከፈተ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በነፃ በስፋት ተሰጠ። በመርፌ የሚያዘው ሰው ቁጥር ከዚያ ወዲህ በጣም ወረደ። የሱሱ ችግር አልቀረም፤ የዕፅ ሞት ዛሬም ከተማዋን እየፈጃት ነው። የቫይረሱ ነገር ግን መርፌ በማደል እንዳልባሰ ቫንኩቨር ራሷ ምስክር ናት።

ሽማግሌዎቻቸው እንቅፋት ሆኑ የሚለው በጣም ያስገረመኝ ነው። ምክንያቱም ሳስካችዋን ውስጥ ትልቁ ውጤት የመጣው በሽማግሌዎቹ በኩል ነው።

ቢግ ሪቨር ፈርስት ኔሽን ከፕሪንስ አልበርት ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የክሪ ሕዝብ መንደር ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በቫይረሱ የተያዘው ሰው መብዛቱን ሲያዩ ራሳቸው ፕሮግራም አወጡ። ስሙ "ራስህን እወቅ" እንደማለት ነው። ነርሶቹ መንደሩ ውስጥ ናቸው። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ሌሎቹን ያግዛሉ። ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጣሉ፤ ጸሎቱም የእንፋሎት መታጠቢያ ሥርዓቱም አለ። ምርመራ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና፣ የሱስ መድኃኒትና ንጹሕ መርፌ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛል። ጎረቤታቸው አታካኩፕ የክሪ ኔሽንም ተከተላቸው። ሁለቱም የተባበሩት መንግሥታት ያወጣውን 90-90-90 ግብ መቱ። ከተያዙት 90 በመቶው ሁኔታውን ያወቀ፣ ከእነዚያ 90 በመቶው መድኃኒት የጀመረ፣ ከእነዚያም 90 በመቶው ቫይረሱ በደሙ የተገታ ማለት ነው። ያኔ ካናዳ በአገር ደረጃ ግቡን ሙሉ በሙሉ አልደረሰችበትም ነበር። "ግዴለሽ" የተባሉት ሰዎች ናቸው የቀደሙት።

እኛስ ብንሆን ከዚህ የተለየ ታሪክ አለን? በ2005 ነፃ መድኃኒት ሲጀመር እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ የነበሩ ብዙ ታማሚዎች "መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴ ጎደለ" ብለው ይተዉት ነበር። ያ የተስተካከለው ጸበሉን በማጥላላት አልነበረም። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዳሉ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከሐኪሙ ይልቅ የእሳቸውን ቃል የሚያምነው ሰው ክኒኑን ዋጠ። ተስፋ ጎህና መቅድምን የመሰሉ ማኅበራት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ናቸው። ሰው የሚሰማው የሚያምነውን ነው። ክሪዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ምክር ነው፤ ልጆቻችንን እናርቅ የሚለው። በመጀመሪያ ቫይረሱ በመጫወት፣ በመማር፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ይህን ማንም ኢትዮጵያዊ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በራዲዮ ሲሰማ ያደገ ነው። መድኃኒት እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። ፓርትነር የተባሉት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በአውሮፓ ጥንዶችን ለዓመታት ተከታትለው አንድም እንዲህ ያለ መተላለፍ አላገኙም።

ሁለተኛው ነገር የእኛ ቁስል ነው። በጥር 1996 እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። ሰዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ሰጡ። ደሙ ሄዶ ተጣለ። የተሰጠው ምክንያት ቁጥር ነበር፤ በእነሱ መካከል ኤችአይቪ ከሌላው ይበዛል የሚል። የእያንዳንዱ ሰው ደም ንጹሕ ይሁን አይሁን አልተጠየቀም። ከኢትዮጵያ መምጣቱ በቂ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲያለቅሱና ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ዓለም አይቷል። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው የሌላ ሕዝብን የስርጭት ቁጥር ይዞ "ራቋቸው" ማለት እንዴት ይችላል?

ደግሞ ብዙዎቻችን እዚህ አገር የምንሠራው ሆስፒታልና የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ነርስ ነን፣ የታካሚ ረዳት ነን፣ ጽዳት ነን። ብራያን ሲንክሌርን "ሰክሯል" ብሎ ያለፈው ሰው ያንን ግምት ከየትም አላመጣውም። ሲሰማው ከኖረው ወሬ ነው ያመጣው። ይህ ጽሑፍ ተመሳሳይ ወሬ በአማርኛ ነው የሚያቀብለን።

ስለዚህ ጸሐፊውን ወንድሜን የምጠይቀው አለ። የመጨረሻውን አንቀጽ ያንሳው። ስለ ደም የጻፈውንም ያርመው። በቦታው የምርመራ መረጃ ቢያስገባበት ለእኛም ይጠቅማል፤ ከእኛ መሃልም ያልተመረመረ ሰው አለና። ካናዳ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቤት ውስጥ ራስን በራስ መመርመሪያ ፈቅዳለች። ከጣት ጫፍ ጥቂት የደም ጠብታ ነው የሚፈልገው። ውጤቱ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ቫይረሱ አለ ካለ በሐኪም ቤት ምርመራ ይረጋገጣል፤ መድኃኒቱም ሳይዘገይ መጀመር ይቻላል።